በራስ ቅል ግርጌ ላይ ለወጣ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ይቅደም ወይስ ጨረር?

ጠያቂ፦ መምህር ከመንዝ

ጤና ይስጥልኝ። የማስተምረው መሐል ሜዳ ሲሆን የምጽፈው ግን ደብረ ብርሃን ስለምትኖረው የ43 ዓመት ታላቅ እኅቴ ነው። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ከዓይኗ ጀርባ የሚነሣ ራስ ምታት ነበረባት፤ ቤተሰቡ መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው አለ፣ ቀጥሎም ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀላት። መስከረም ላይ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ማየት ስትጀምር ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄዳ መነጽር ታዘዘላት። መነጽሩ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳይፈይድላት ቆየ። በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የግራ ዓይኗ ወደ ውጭ መዞር እንዳቃተው አዩና በዚያው ዕለት ለኤምአርአይ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት።

ውጤቱ በራስ ቅሉ ግርጌ መካከል፣ ክላይቨስ በሚባለው አጥንት ውስጥ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ እንዳለና የአንጎሉን ግንድ እንደተጠጋ ይገልጻል። ከሥሩ «ቾርዶማ፣ ምናልባትም ኮንድሮሳርኮማ» ተብሎ ተጽፏል። ናሙና ገና አልተወሰደም። ያማከርናቸው ሦስት ሐኪሞች ደግሞ ሦስት መንገድ አሳዩን፦ አንደኛው ሳይውል ሳያድር ይከፈትና የሚወጣው ያህል ይውጣ አሉ፤ ሁለተኛው ቦታው ለቀዶ ሕክምና ስለማይመች በጨረር ብቻ ይሞከር አሉ፤ ሦስተኛው እዚህ አትድከሙ፣ ወደ ሕንድ ውሰዷት ብለው ወረቀቱን መለሱልን።

ከእነዚህ የትኛው ይቅደም? አገር ውስጥ የሚሰጠው ጨረር ይበቃል ወይስ ቤታችንን ሸጠንም ቢሆን ወደ ውጭ መሄድ አለብን? እናታችን አስቀድማ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ትግባና ከዚያ ይታሰብበት ትላለች፤ ያን ያህል መቆየት ይቻል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሐኪም፣ ትውልዴ እነዋሪ

መምህር፣ እግዜር ይማርልዎ። አዲስ አበባ ውስጥ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል እሠራለሁ። ፊልሙን ሳላይ በእኅትዎ ላይ ፍርድ አልሰጥም፤ ሆኖም ሦስቱ ሐኪሞች የተናገሩት እርስ በርሱ የሚቃረን ቢመስልም፣ እንደሚገባኝ እያንዳንዳቸው የአንድ ሙሉ ሕክምና አንድ ቁራጭ ይዘው ነው የተናገሩት። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ ቁራጭ ሌላው ሳይታቀድ ሲጀመር ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛችን ዕጢ የምንለው በተፈጥሮ ያለውን፣ ሆርሞን የሚያመነጨውንም ነው፤ ያለ ቦታው የበቀለውንም ነው። ክላይቨስ ከአንጎል ሥር ካለው፣ ሆርሞን ከሚያመነጨው ፒቱታሪ ዕጢ በታችና ከኋላ የሚገኝ አጥንት በመሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ሁለቱን እያምታቱ «የፒቱታሪ ነው፣ ቀላል ነው» የሚል ወሬ ይዘው ይመጣሉ። የእኅትዎ ከአጥንቱ የተነሣ እንጂ የፒቱታሪ አይመስልም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ቾርዶማ በጽንስ ጊዜ የአከርካሪያችን መሠረት ከነበረው ኖቶኮርድ ከሚባል አካል ተርፈው አጥንት ውስጥ ከቀሩ ሕዋሳት የሚነሣ ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ሰው ገደማ ብቻ የሚያገኘው በመሆኑ አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ጥቂት ብቻ ሊያይ፣ ጭራሽም ላያይ ይችላል። ኮንድሮሳርኮማ ደግሞ ከልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ዓይነት ሕዋስ የሚነሣ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከመካከለኛው መስመር ወደ ጎን ገሸሽ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ በኤምአርአይም መልካቸው ይቀራረባል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ግን ናሙናው ላይ ብራክዩሪ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሳይ ልዩ ቀለም በመጠቀም ይለያቸዋል። ቾርዶማ ይቀበለዋል፣ ኮንድሮሳርኮማ አይቀበለውም። ይህ ልዩነት የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስልዎ፤ ኮንድሮሳርኮማ በአግባቡ ከታከመ ከቾርዶማ ይልቅ እጅግ የተሻለ ተስፋ አለው። ስለዚህ ናሙናውን የሚያየው ቤተ ሙከራ ይህ ቀለም ከሌለው፣ በሰም የተያዘው ናሙና ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ እንዲታይ ይጠይቁ።

የዓይናቸው ነገርም ከዚሁ የመጣ ነው። ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ በዚህ አጥንት ጀርባ ተለጥፎ ስለሚያልፍ ዕጢው መጀመሪያ የሚነካው እርሱን ነው። መነጽር ሊያስተካክለው የማይችለውም ለዚህ ነው፤ በድንገት አንድ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ሰው፣ አንዱን ዓይን ሲጨፍን ምስሉ አንድ የሚሆንለት ከሆነ፣ የዓይን መነጽር ሳይሆን የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ስመለስ፣ በተለመደው አካሄድ የሚቀድመው እርሱ ነው፤ ዓላማውም ነርቭና ደም ሥር ሳይጎዳ የሚቻለውን ሁሉ ማውጣት ነው። በመካከለኛው መስመር ላይ ለሚገኝ ዕጢ ዛሬ የሚመረጠው የራስ ቅሉን ከመክፈት ይልቅ በአፍንጫ በኩል ኢንዶስኮፕ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ መግባት ሲሆን፣ የአንገት በላይ ሐኪምና የነርቭ ቀዶ ሐኪም አብረው ይሠሩታል። በዚህ መንገድ ከአንጎሉ ፊት ለፊት ስለሚደረስ አንጎልን መግፋት አያስፈልግም። ትልቁ ችግር የአንጎል ውሃ በአፍንጫ መፍሰሱና ከእርሱ ጋር የሚመጣው ማጅራት ገትር ነው፤ ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ከነደም ሥሩ በተነሣ ሽፋን ቀዳዳውን መድፈን ከተለመደ ወዲህ ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሷል፣ አልጠፋም። በሁለቱ ጎን የሚያልፉት፣ ለአንጎል ደም የሚያደርሱት ካሮቲድ ደም ሥሮች ሌላው አደጋ ናቸው።

«የሚወጣው ያህል ይውጣ» የሚለውን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከሁሉ የተሻለው ዕድል ነው፤ ሁለተኛው በጠባሳ መካከል የሚደረግ በመሆኑ ይከብዳል። የግድ ሁሉም ማውጣት ካልተቻለ እንኳ ቀዶ ሐኪሙ ቢያንስ ዕጢውን ከአንጎሉ ግንድና ማየት ከሚያስችለው የዓይን ነርቭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማራቅ አለበት፤ ያ ክፍተት ከሌለ ቀጥሎ የሚመጣው ጨረር ሙሉ መጠኑን ሊሰጥ አይችልም። ቀዶ ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው ከመግባቱ በፊት ከጨረር ሐኪሙ ጋር ተቀምጦ ፊልሙን ካየ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከኖርዌይ ቤርገን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር አድጓል፤ ሆኖም የነርቭ ቀዶ ሐኪም መሆንና የክላይቨስ ዕጢን በአፍንጫ በኩል ደጋግሞ ማውጣት የተለያዩ ናቸው። «ከዚህ በፊት ስንት ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም።

መልስ፦ በጨረር ሕክምና የምሠራ

ከላይ የጻፉት ሐኪም ስለ ክፍተቱ የተናገሩትን ከጨረሩ ወገን ሆኜ ላስረዳ፤ የጥያቄው መቋጠሪያ እዚያ ነው።

ቾርዶማ ጨረርን የሚቋቋም ዕጢ ነው። ለመግታት በተለምዶ ከ70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ፣ ብዙውን ጊዜም 74 ግሬይ ገደማ ያስፈልጋል። በአንጻሩ የአንጎሉ ግንድና የዓይን ነርቭ ያለ ከባድ ጉዳት የሚችሉት በግምት እስከ 54 ግሬይ ነው፤ በጣም ጠባብ ለሆነ የጠርዝ ክፍል ብቻ ከዚያ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። እንግዲህ ሁለቱ ተያይዘው ሲገኙ ዕጢው የሚሻው መጠን ጎረቤቱ ከሚችለው በ20 ግሬይ ይበልጣል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ጎረቤቱን ለማትረፍ ሲባል ዕጢውን 50 ወይም 54 ግሬይ ብቻ ሰጥቶ «ጨረር ወስዷል» ማለት ነው። ይህ መጠን ለሌሎች የአንጎል ዕጢዎች ይበቃ ይሆናል፤ ለቾርዶማ ግን ዕጢውን ለጊዜው ከማዘግየት አያልፍም፣ የከፋው ደግሞ ቦታው አንዴ ጨረር በመውሰዱ ምክንያት በኋላ ትክክለኛውን መጠን መስጠት አስቸጋሪ ይሆናል። እኅትዎ ያልተሟላ ጨረር ከሚጀምሩ የተሟላው እስኪዘጋጅ ሳምንታት ቢጠብቁ ይሻላቸዋል የምለው ለዚህ ነው።

ፕሮቶን የሚባለው የጨረር ዓይነት የሚነሣውም ከዚሁ ችግር ነው። ተራው የኤክስሬይ ጨረር በአንዱ በር ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ነፋስ ነው፤ ያለፈበትን ሁሉ ይነካል። ፕሮቶን ግን ጉልበቱን አብዛኛውን ጉዞው ማብቂያ ላይ አራግፎ እዚያው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥጋ ምንም ያህል አያገኘውም። ይህን ጠባይ ለሕክምና መጠቀም እንደሚቻል አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ያመለከቱ ሲሆን፣ ለራስ ቅል ግርጌ ዕጢዎች በቦስተን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተሠርቶበታል። በካርቦን የሚሰጠው ጨረር ደግሞ ከፕሮቶን የከበደ ሲሆን በጃፓን ቺባ ከ1994፣ በጀርመን ሃይደልበርግ ከ2009 ጀምሮ ይሰጣል። ለኮንድሮሳርኮማ ቀዶ ሕክምናና ፕሮቶን ተከታትለው ሲሰጡ ከአሥር ታካሚዎች በዘጠኙ ገደማ ዕጢው ከአሥር ዓመት በኋላም ተገትቶ እንደሚቆይ ከእነዚህ ማዕከላት የወጡ ውጤቶች ያሳያሉ። የቾርዶማው ከዚህ ዝቅ ይላል፤ የተረፈው ዕጢ ባነሰ መጠን ውጤቱ ይሻላል።

ነገር ግን ፕሮቶን የሚለው ስም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ወሳኙ ሙሉው መጠን ዕጢው ላይ ማረፉና ጤነኛው መትረፉ ነው። ይህን በዘመናዊ የኤክስሬይ ማሽን፣ የጨረሩን ጥንካሬ ከየአቅጣጫው እየለዋወጡና በየዕለቱ በምስል እያረጋገጡ፣ ማሟላት የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ይህም በተለይ የተረፈው ትንሽ ሲሆንና ከአንጎሉ ግንድ ሲርቅ ነው። ትንሽ ቅሪት ሲሆን ደግሞ ጋማ ናይፍ የሚባለው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጨረርም ይሠራበታል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ በኮባልት ማሽን ተጀምሮ ዛሬ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው ዘመናዊ የኤክስሬይ ማሽን ላይ ደርሷል። በኮባልት 74 ግሬይ ለክላይቨስ መስጠት የሚታሰብ አይደለም፤ በሊኒየር አክስለሬተር ይቻል አይቻል የሚለው የሚመለሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚነሣው ኤምአርአይ ላይ ዕቅድ ተሠርቶ ቁጥሩ ሲታይ ነው። የጨረር ክፍሉን «ለዕጢው ስንት ግሬይ፣ ለአንጎል ግንዱስ ስንት ትሰጣላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ከ70 በታች ከሆነ ወደ ውጭ መላክ ምክንያት አለው። ፕሮቶን በአገራችን የለም፤ ለእኛ ሰው ከሚቀርቡት መካከል የሕንዱ ቼናይ ማዕከል በ2019፣ የባንኮኩ ደግሞ በ2021 ሥራ ጀምረዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን ለማጽናት ብረት የሚያስገባ ከሆነ አስቀድሞ ይነጋገሩበት፤ ብረት የፕሮቶን ስሌትን ያዛባል። ኬሞቴራፒ ከታዘዘ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ የተለመደው ዓይነት ቾርዶማ ለኬሞቴራፒ አይበገርም፤ የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ በልጆች ላይ ለሚታየውና ለሌላውም ብርቱ ጠባይ ላለው ዓይነት ነው። እንደ ኢማቲኒብ ያሉ ኪኒኖች የሚታሰቡት ዕጢው ተመልሶ ሲመጣና ቢላዋም ጨረርም ሲያልቅ ነው።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ባለሙያ አይደለሁም። ባለቤቴ ከአራት ዓመት በፊት በኮንድሮሳርኮማ ምክንያት እዚሁ አገር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ጨረሩን ውጭ አገር ወስዳለች። ሁለቱን ከፍሎ መሥራት እንደሚቻል ማንም አልነገረን ነበር፤ እኛም እንደ እርስዎ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ብቻ ነው ብለን ነበር የተጨነቅነው።

ያስቸገረን ወጪው ብቻ አልነበረም፤ ጊዜውን አሳንሰን መገመታችንም ነበር። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሰጥ በመሆኑ ከሰባት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ ከዝግጅቱ ጋር ሁለት ወር ተኩል ቆየን። ሆስፒታሉ የላከልን የዋጋ ግምት የሕክምናውን ብቻ ስለነበር የቤት ኪራዩና የአስታማሚው ምግብ ሳይታሰብ ቀርቶ ገንዘቡ አምስተኛው ሳምንት ላይ አለቀብን፤ የዕቁባችን ሰዎችና የእድራችን ዳኛ ባይደርሱልን ኖሮ አቋርጠን ልንመለስ ነበር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካላችሁ አገር ውስጥ ላለው ሕክምና በሪፈር ተዋረድ ተከትላችሁ ከሄዳችሁ ይጠቅማል፤ ለውጭ አገሩ ግን አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመጠየቅ ሕክምናው እዚህ እንደማይሰጥ የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህንንም አስቀድማችሁ ጀምሩት፤ ሐኪሞች የተሰበሰቡበት ቀን ካመለጣችሁ ቀጣዩን ትጠብቃላችሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ኤምአርአዩንና ሲቲውን በፊልም ሳይሆን በሲዲ መቀበላችን ነው። በሲዲ ያለውን በኢንተርኔት ልከን ከሁለት ማዕከሎች ሐሳብ አገኘን፤ ማንም ቤቱን ሸጦ ከመሄዱ በፊት ይህን ማድረግ ይችላል። ቾርዶማ ፋውንዴሽን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅትም አለ፤ ለሚጽፍለት ቤተሰብ ስለ ሕክምናው በነፃ መረጃ ይሰጣል፣ ልምድ ያላቸውን ሐኪሞችም ይጠቁማል፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይጻፍላችሁ።

ጠያቂ፦ መምህር ከመንዝ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሲዲውን ዛሬ ጠይቄ ነገ እንደሚሰጡኝ ተነግሮኛል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ናሙናው ለብቻው አስቀድሞ ይወሰድ ወይስ ከዋናው ቀዶ ሕክምና ጋር? ጸበሉንስ ምን ልበላቸው? እኅቴ ለራስ ምታቱ ዴክሳሜታዞን የሚባል እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ ኪኒን ትወስዳለች፤ ጸበል የገባ ሰው ኪኒን አይውጥም የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ሐኪም፣ ትውልዴ እነዋሪ

ናሙናውን በተመለከተ፣ ዋናውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ቡድን ራሱ ይወስን። ምስሉ በቂ ግልጽ ከሆነ ብዙዎች ከዋናው ጋር አብረው ይወስዳሉ። ለብቻው የሚወሰድ ከሆነም በአፍንጫ በኩል፣ በኋላ ዕጢው በሚወጣበት በዚያው መንገድ ይሁን፤ የቾርዶማ ሕዋሳት መርፌው ወይም ቢላዋው ባለፈበት ሊዘሩና ሊበቅሉ ይችላሉና በሌላ አቅጣጫ መግባት አይገባም።

ስለ ጸበሉ ለእናትዎ እንዲህ ቢሏቸው ይቀበሉዎታል ብዬ አስባለሁ፦ ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ሐሳብ በምንሰበስብባቸው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሸንኮራ ደርሰው መመለስ ይችላሉ፤ የእኔም እናት ብትሆን እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ዴክሳሜታዞኑን ግን በድንገት ማቆም አይቻልም፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚተው በድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊወድቅ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። ኪኒኑን የሚያስጥል ቦታ ከሆነ አይሂዱ። ሲውጡ ካነቃቸው፣ ድምፃቸው ከጎረነነ፣ ምላሳቸው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ እጅ ወይም እግራቸው ከዛለ፣ ወይም የማየት ኃይላቸው ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይምጡ።

ከጨረሩም በኋላ ክትትሉ ረጅም መሆኑን ከአሁኑ ይወቁት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ኤምአርአይ ይነሣሉ፤ ቾርዶማ ከአሥር ዓመት በኋላም ተመልሶ የሚታይበት ጊዜ አለ። የፒቱታሪ ሆርሞኖቻቸውም በየጊዜው በደም ይመርመሩ፤ ጨረሩ ያንን አካባቢ ስለሚያገኘው ድካሙና የወር አበባው መቅረት ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ የሚያክማቸው ሰው ጨረር መውሰዳቸውን ላያውቅ ይችላል። ሲዲውን እንዳገኙ ሲቲ ስካኑም አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አጥንቱ ምን ያህል እንደተበላ የሚታየው በእርሱ ነው።